ዝንብን በዝንብ፦ የኤድዋርድ ኒፕሊንግ ሕይወት

ኤድዋርድ ኒፕሊንግ እ.ኤ.አ. በ1909 በአሜሪካ ቴክሳስ ግዛት፣ ፖርት ላቫካ በተባለች ከተማ ተወለዱ፤ ያደጉትም በእርሻ ላይ ነው። በዚያ አገር ከብት አርቢውን ከሚያስመርሩት ጠላቶች አንዷ ዝንብ ነበረች። ሴቴዋ በቁስል ወይም ገና ባልደረቀ የጥጃ እትብት ላይ እንቁላሏን ትጥላለች፤ የሚፈለፈሉት ትሎችም ሕያው ሥጋ እየበሉ ወደ ውስጥ ይዘልቃሉ። ዐረብኛው ጠምዛዛዋ ትል ይላታል፤ እንደ ብሎን እየዞረች ሥጋ ውስጥ ለምትገባ ፍጥረት የሚስማማ ስም ነው።

ኒፕሊንግ በ1931 የአገራቸውን ግብርና መሥሪያ ቤት ተቀላቀሉ። ከባልደረባቸው ሬይመንድ ቡሽላንድ ጋር ይህችን ዝንብ ሲያጠኑ ትኩረታቸውን የሳበው የተራክቦ ጠባይዋ ነበር። ወንዴው ደጋግሞ ይገናኛል፤ ሴቴዋ ግን በዕድሜዋ አንድ ጊዜ ብቻ። ታዲያ ያ ብቸኛ ግንኙነት ከመካን ወንዴ ጋር ቢሆንስ? ወንዴን ማምከኛ መንገድ ግን አልነበረም፤ ሐሳቡንም ብዙዎች እንደ ቀልድ ቆጠሩት። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት ወታደሮችን ከቅማልና ከትንኝ በሚከላከለው የዲዲቲ ምርምር ተጠመዱ።

መልሱ የመጣው ከፍሬ ዝንብ ነው። ሳይንቲስቱ ኸርማን ሙለር የራጅ ጨረር የዚህችን ትንሽ ዝንብ ዘር እንደሚጎዳ በ1927 አሳይተው ነበር። ኒፕሊንግ በ1950 የሙለርን ጽሑፍ አንብበው ጻፉላቸው፤ አበረታች ምላሽም አገኙ። ቡሽላንድም በጦር ሠራዊት ሆስፒታል የራጅ መሣሪያ ሙከራውን ጀመሩ።

ስሌታቸው ቀላል ነው። አንድ ሚሊዮን ሴቴና ያንኑ ያህል ወንዴ ባሉበት ስፍራ በየትውልዱ ሁለት ሚሊዮን መካን ወንዴዎች ቢለቀቁ፣ ሴቴዎቹ ወደ 333,333፣ ቀጥሎ ወደ 47,619፣ ከዚያም ወደ 1,107 ይወርዳሉ፤ በአራተኛው ትውልድ አንዲትም አትቀርም። መርዝ የተባዩ ቁጥር ሲያንስ ጥቅሙም ያንሳል፤ ይህ ዘዴ ግን ያኔ ይበረታል። በ1954 በካሪቢያን ባሕር በምትገኘው የኩራሳው ደሴት ተሞከረ፤ ዝንቧም በጥቂት ወራት ውስጥ ጠፋች።

ዘዴው ወደ ፍራፍሬ እርሻ ሲሻገር ነገሩ ከበደ። ብርቱካንና ኮክ የምታበላሸው የሜዲትራኒያን ፍሬ ዝንብ መራጭ ናት። ወንዴዎቹ በቅጠል ላይ ተሰባስበው መዓዛ ይረጫሉ፤ ክንፋቸውን እያርገበገቡ ሴቴዋን ያባብላሉ። እርሷ አብዛኞቹን ትታ ትሄዳለች፤ ዳግመኛ የምትገናኝም አለች። በፋብሪካ ሣጥን ተጨናንቆ ያደገ፣ ከዚያም ጨረር የቀመሰ ወንዴ በዚህ ውድድር በቀላሉ ይረታል። ስለዚህ የጨረሩ መጠን ተለክቶ መሰጠት አለበት፤ ሲበዛ ወንዴውን ያደክማል፣ ሲያንስ አያመክንም። ከመለቀቃቸው በፊት የዝንጅብል ዘይት መዓዛ የሸተታቸው ወንዴዎች የተሻለ ተቀባይነት ማግኘታቸውም ታይቷል። የዝንብ ሽቶ ልንለው እንችላለን!

በአገራችንም የገንዲ በሽታ አስተላላፊ የሆነችውን የቆላ ዝንብ ከደቡብ ስምጥ ሸለቆ ለማጥፋት፣ በአዲስ አበባ ቃሊቲ ዝንብ እየተራባ በጨረር የሚመክንበት ማዕከል ተቋቁሟል።

ጠምዛዛዋ ትል በ1988 ሊቢያ ውስጥ ስትገኝ ለሰሜን አፍሪካና ለመካከለኛው ምሥራቅ መንጋዎች ታላቅ ሥጋት ሆነ። ከሜክሲኮ በአውሮፕላን የመጡ መካን ዝንቦች በሳምንት እስከ 40 ሚሊዮን ተለቀቁ፤ በ1991 ትሏ ከሊቢያ ጠፋች። በቀጣዩ ዓመት ኒፕሊንግና ቡሽላንድ የዓለም የምግብ ሽልማትን ተጋሩ። ኒፕሊንግ 91ኛ ዓመታቸውን ሊደፍኑ ሦስት ቀን ሲቀራቸው፣ በመጋቢት 2000 በቨርጂኒያ ግዛት አርሊንግተን አረፉ።