ሂካ፣ ነሲብ፣ ኦነሲሞስ፦ የአንድ ሰው ስሞች

ኦነሲሞስ ነሲብ ሲባል ብዙዎቻችን ነሲብ የአባቱ ስም ይመስለናል። አይደለም። አባቱ አዋጂ ይባሉ ነበር። ልጁ እ.ኤ.አ. በ1856 አካባቢ በኢሉባቦር፣ ሁሩሙ አጠገብ ሲወለድ ሂካ ተብሎ ተጠራ (ዘመኑ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። ሂካ በኦሮምኛ ፈቺ፣ ተርጓሚ ማለት ነው። በአማርኛ ገመድንም ሕልምንም እንደምንፈታ፣ በኦሮምኛም የታሰረን መፍታትና ቋንቋን መተርጎም በአንድ ቃል ይነገራሉ።

ሂካ ግን ገና በልጅነቱ ታሰረ። በአራት ዓመቱ አባቱን አጣ፤ በ1869 ደግሞ የባሪያ ነጋዴዎች ነጠቁት። ስምንት ጌቶች ከተፈራረቁበት በኋላ በ1870 ቨርነር ሙንዚንገር የተባለ ስዊዘርላንዳዊ ምጽዋ ላይ ነጻ አወጣው። ነሲብ የሚለው የዓረብኛ ስም ትርጉሙ ዕጣ፣ ድርሻ ነው።

በስዊድን ወንጌላዊ ሚሲዮን ዘንድ ተምሮ በ1872 በትንሣኤ ዕለት ሲጠመቅ ኦነሲሞስ ተባለ። በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ አናሲሞስ የምንለው፣ ጳውሎስ ለፊልሞና የጻፈለት ባሪያ መሆኑ ነው። ስሙ በግሪክ ጠቃሚ ማለት ሲሆን፣ ጳውሎስም በዚሁ ትርጉም ተጫውቶ ቀድሞ የማይጠቅመው ሰው አሁን ጠቃሚ መሆኑን ለጌታው ያስረዳል። ከባርነት ለወጣ ወጣት ከዚህ የቀረበ ስም ማግኘት ያስቸግራል።

በስዊድን ለአምስት ዓመት ከተማረ በኋላ ወደ ወለጋ ለመግባት በሱዳን በኩል ሞከረ፤ ከአሶሳ አላለፈም። እምኩሉ ተመልሶ መተርጎም ጀመረ። ከአገሩ በልጅነቱ ስለተነጠቀ ቃላት ያጥሩት ነበር። ይህን ክፍተት የሞላችው እንደ እርሱ ከባርነት ነጻ የወጣችው አስቴር ጋኖ ናት፤ ድካሟ ከዚህ በላይ ሊነገርላት ይገባ ነበር። አዲስ ኪዳን በ1893፣ ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ በ1899 በግዕዝ ፊደል ታተመ። ሂካ ስሙን የሠራበት ያኔ ነው።

በ1904 ወለጋ ገባ። በነቀምቴ የተቀበሉት ገዢ ኩምሳ ሞሮዳም በጥምቀት ገብረ እግዚአብሔር የተባሉ ነበሩ። ቀሳውስት ከሰሱት፤ አቡነ ማቴዎስ እንዲሰደድ ወሰኑበት። አፄ ምኒልክ ግን እንዳይሰብክ ከልክለው ወደ ነቀምቴ እንዲመለስ ፈቀዱለት። የመስበክ ፈቃድ ያገኘው በልጅ ኢያሱ ዘመን፣ በ1916 ነው። ሰኔ 21 ቀን 1931 ነቀምቴ ላይ ዐረፈ። የአገሩ ሰው ግን አባ ገመቺስ ይለው ነበር፤ ገመቺስ ማስደሰት ከሚለው የኦሮምኛ ቃል የመጣ ነው።