ከጅብ ጥላ እስከ እርሻ ባለቤትነት፦ የቢያትሪክስ ፖተር ሕይወት

በዚህ እትም የምናስታውሳት ሴት እንግሊዛዊቷ ቢያትሪክስ ፖተር ናት። ዓለም የሚያውቃት ለልጆች በጻፈችው የጥንቸል ተረት ነው። ከተረቱ በፊት ግን ለዓመታት የደከመችበት ሌላ ሥራ ነበራት፤ እሱም የእንጉዳይ ጥናት ነው። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቢያትሪክስ በ1866 ለንደን ውስጥ ከሀብታም ቤተሰብ ተወለደች። ታናሽ ወንድሟ ትምህርት ቤት ሲላክ እሷ ቤት ውስጥ በተቀጠሩ ሴት አስተማሪዎች ተማረች። ዩኒቨርሲቲ አልገባችም። ካደገችም በኋላ በወላጆቿ ቤት፣ በወላጆቿ ፈቃድ ትኖር ነበር።

ቤተሰቡ ለዕረፍት ወደ ስኮትላንድ ገጠር ሲሄድ እሷ ጫካ ውስጥ የበቀለውን እንጉዳይ እየለቀመች ትስል ነበር። በዚያ አገር ለብዙ ዓመታት ደብዳቤ በእግሩ ሲያድል የኖረ ቻርልስ ማኪንቶሽ የሚባል ሰው ስለ እንጉዳይ ጥልቅ እውቀት ነበረው። ላዩን ብቻ ሳይሆን የውስጡንም አሠራር እንድትስል መከራት። ለንደን ስትመለስም እንጉዳዮችን በፖስታ ይልክላት ነበር፤ እሷም ሥዕሎቿን ትልክለት ነበር።

የእንጉዳይ መልክ ያታልላል። ዝናብ ሲመታው ወይም ሲያረጅ ቀለሙ ይለወጣል። ስለዚህ አጥኚዎች ከጥላው ሥር የሚረግፈውን፣ ስፖር የሚባለውን ዱቄት የመሰለ ዘር ይመረምራሉ። ጥላውን ቆርጠው ወረቀት ላይ ቢያሳድሩት ነጭ፣ ሮዝ፣ ቡናማ ወይም ጥቁር ዱቄት ይተዋል። በማይክሮስኮፕ ሲታይ ደግሞ የእያንዳንዱ ዘር ቅርጽና መጠን ይለያል። በ1924 ቫትስላቭ ሜልዘር የሚባል የቼክ አገር ተመራማሪ አዮዲን ያለበት ፈሳሽ አዘጋጀ። ፈሳሹ ጠብ ሲደረግበት የአንዳንዱ ስፖር ወደ ሰማያዊ ጥቁር፣ የአንዳንዱ ወደ ቀይ ቡናማ ይለወጣል፤ የሌላው ቢጫ ሆኖ ይቀራል። ገዳዩ የሞት ቆብ እንጉዳይ ስፖር ይሰማያል፤ የቅርብ ዘመዱ የሆነው ባለ ነጭ ነጠብጣብ ቀይ እንጉዳይ ግን አይሰማይም። ይህ ዘመድን ከዘመድ ለመለየት የሚረዳ የባለሙያ ዘዴ ነው እንጂ የሚበላውን ከማይበላው መለያ አይደለም።

ቢያትሪክስ የሠራችው ይህ ፈሳሽ ከመገኘቱ በፊት ነው። ስፖሮችን እርጥበት ሰጥታ አበቀለቻቸው፤ ቀጭን ክር ሲያወጡም በማይክሮስኮፕ እየተከታተለች ሳለች። በ1896 የኬሚስትሪ ሊቅ የነበረው የአክስቷ ባል ሄንሪ ሮስኮ በለንደን ወደሚገኘው የኪው የዕፀዋት ተቋም ወሰዳት። የተቋሙ ኃላፊ ግን ሥራዋን ከቁም ነገር አልቆጠረውም። በ1897 ስለ ስፖር አበቃቀል የጻፈችው ጥናት ሊኒየን ለተባለው የሳይንስ ማኅበር ቀረበ። በዚያ ዘመን ሴት የማኅበሩ አባል መሆንም ሆነ ስብሰባው ላይ መገኘት ስለማትችል ጥናቱን ያቀረበላት ጆርጅ ማሲ የሚባል የኪው ባለሙያ ነበር። እሷም ተጨማሪ ሥራ ያስፈልገዋል በማለት ጥናቱን መልሳ ወሰደች። ከዚያ በኋላ አልታተመም፤ ጽሑፉም ጠፍቶ ቀረ።

ቢያትሪክስ ግን እጇን አጣጥፋ አልተቀመጠችም። በ1893 ለታመመ ልጅ በደብዳቤ የጻፈችውን የጥንቸል ተረት ወደ መጽሐፍ ለወጠችው። አሳታሚዎች እምቢ ሲሏት በ1901 መጨረሻ በራሷ ወጪ 250 ቅጂ አሳተመች። በ1902 ፍሬድሪክ ዋርን የተባለው አሳታሚ ተቀበላት። በ1905 ከመጽሐፎቿ ባገኘችው ገቢና ከአክስቷ በደረሳት አነስተኛ ውርስ በሰሜን እንግሊዝ ሂል ቶፕ የሚባለውን እርሻ ገዛች። ከዚያም ቀስ በቀስ እርሻ በእርሻ ላይ ጨመረች፤ ኸርድዊክ የሚባሉትን የተራራ በጎች አረባች። በ1913 ዊልያም ሂሊስ የሚባል የሕግ ባለሙያ አገባች። በ1943 ስትሞት ከ1,600 ሄክታር የሚበልጥ መሬት ቅርስ ለሚጠብቀው ናሽናል ትረስት ተናዘዘች።

የእንጉዳይ ሥዕሎቿስ? በአምብልሳይድ ከተማ ለሚገኘው አርሚት ቤተ መጻሕፍት ተላለፉ። በ1967 ስለ እንጉዳይ የታተመ አንድ መጽሐፍ 59ኙን ተጠቀመባቸው። ሊኒየን ማኅበርም በ1997፣ ጥናቱ ከቀረበ ከመቶ ዓመት በኋላ፣ በደል እንደደረሰባት አመነ።

እኛ የማኅበራችንን ሒሳብ የምንይዝ ሴቶች ከዚህ ሕይወት አንድ ነገር ወስደናል። በሌላ ሰው አፍ የቀረበው ጽሑፍ ጠፋ፤ በራሷ እጅ ያቆየችው ሥዕል ግን ምስክር ሆነላት። የእኛም ሥራ እንዲሁ ነው። ጉዳያችንን ሌላ ሰው ወደ ቢሮ ቢያቀርብልን እንኳ ቅጂው በእጃችን ይቅር። የቁጠባ ደብተሩ፣ የስብሰባው ቃለ ጉባኤ፣ ያመረትነው ዕቃ ዝርዝር ሁሉ ቀንና ስማችን ተጽፎበት ይቀመጥ። ዛሬ በሩ ቢዘጋብን እንኳ ነገ የሚጠይቅ ሲመጣ የምናሳየው አናጣም።