አለቃ ገብረ ሐና

አለቃ ገብረ ሐና በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖሩ፣ በፎገራ ናበጋ ጊዮርጊስ የተወለዱ የቤተ ክርስቲያን ሊቅ ናቸው። በአፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት በጨዋታ አዋቂነታቸው ስለታወቁ ስማቸው በመላ አገሪቱ ከቀልድ ጋር ተያይዞ ቀርቷል። በደቡብ ጎንደር ግን ሰው ይበልጥ የሚኮራባቸው በአቋቋም ሊቅነታቸው ነው። መቋሚያ ይዞ ወዲያና ወዲህ የሚባልበትን ዝማሜ ያገኙት የጣናን ማዕበልና በዳርቻው የሚወዛወዘውን ደንገል አይተው እንደሆነ ይነገራል። የጎንደር ሊቃውንት አዲስ ነገር ነው ብለው ስላልተቀበሏቸው ለልጃቸው ለተክሌ አስተማሩት፤ ተክሌም በደብረ ታቦር አስፋፋው ይባላል። አቋቋሙ እስከ ዛሬ የሚጠራው በልጁ ስም «የተክሌ አቋቋም» ተብሎ ነው። የአቋቋም ተማሪዎች ከሩቅ አገር ወደ ደብረ ታቦር የሚሄዱትም ይህንኑ ለመማር ነው።