ፍርሃትን ከሳቅ ጋር ያጋባ ሰው፤ የአልፍሬድ ሂችኮክ የሕይወት ታሪክ

ነፍሰ ገዳይ ቢላዋ ይዞ ሰው የሚያሳድድባቸውን፥ ፈረንጆች ስላሸር የሚሏቸውን ፊልሞች አይተን ስንወጣ ከመካከላችን ሁለት ዓይነት ሰው አይታጣም። አንዱ፥ ይህ ለተማረ ሰው የማይገባ ጊዜ ማባከኛ ነው ብሎ ይቈጣል፤ ሌላው ደግሞ ገና ከበሩ ሳይወጣ የደነገጠበትን ቦታ እያስታወሰ ይሥቃል። የሚያስደንቀው ግን የሚቈጣውም የሚሥቀውም እስከ መጨረሻው ድረስ ከወንበራቸው አለመነሣታቸው ነው። ሰው ስለምን ገንዘብ ከፍሎ ይፈራል? ፈርቶስ ስለምን ይሥቃል? ይህን ጥያቄ ዕድሜውን ሙሉ ሲመረምር የኖረ አንድ ሰው ነበረ፤ እርሱም በእንግሊዝ አገር ተወልዶ በአሜሪካ የሞተው የፊልም አዘጋጅ አልፍሬድ ሂችኮክ ነው። ሕይወቱን ባጭሩ ልተርክ እወዳለሁ፤ ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር የተጻፉ መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልኝ።

ሂችኮክ የተወለደው ኦገስት 13 ቀን 1899 ዓ.ም. ከለንደን መሐል ከተማ ወጣ ብላ በምትገኘው በሌይተንስቶን ነው። አባቱ ዊልያም ሂችኮክ አትክልት፥ ፍራፍሬና ዶሮ የሚሸጥ ነጋዴ ነበር፤ ቤተ ሰቡም በካቶሊክ ሃይማኖት የጸና ነበር። ልጁ ወፍራም፥ ዝምተኛና ብቻውን መቀመጥ የሚወድ ነበር። ካደገ በኋላ ደጋግሞ ይተርከው የነበረ አንድ ታሪክ አለ። ዕድሜው አምስት ዓመት ገደማ ሳለ አንድ ጥፋት አጠፋና አባቱ ደብዳቤ አስይዞ ወደ ፖሊስ ጣቢያ ላከው። ፖሊሱም ደብዳቤውን አንብቦ ልጁን እስር ክፍል አስገባና ቈለፈበት፤ ጥቂት ደቂቃ ካቈየው በኋላ ከፍቶለት፥ የባለጌ ልጅ ዋጋው ይህ ነው ብሎ አሰናበተው። ነገሩ ለአባቱ ቀልድ ነበር፤ ለልጁ ግን እስከ ዕለተ ሞቱ ያልለቀቀው ፍርሃት ሆነበት። አንድ ድርጊት ለአንዱ ጨዋታ ለሌላው ሽብር ሊሆን እንደሚችል ሂችኮክ የተማረው በዚያች ክፍል ውስጥ ነው ቢባል ማጋነን አይመስለኝም። ከዚያ ወዲህ ፖሊስ ይፈራል፤ የዶሮ ነጋዴ ልጅ ሆኖ ሳለ እንቁላል እንኳ ያስፈራኛል እያለ ይናገር ነበር። ፈሪ ለእናቱ ይባላል፤ ይህ ፈሪ ግን ለዓለም ሁሉ ሆነ።

ትምህርቱን የተማረው ኢየሱሳውያን ካህናት በሚያስተምሩበት በቅዱስ ኢግናጥዮስ ኮሌጅ ነው። በዚያም፥ ራሱ እንደ ተረከው፥ ያጠፋ ተማሪ ወዲያው አይገረፍም፤ ቅጣቱን የሚቀበልበትን ሰዓት ራሱ እንዲመርጥ ይተውለታል። ተማሪውም በጅል ተስፋ ሰዓቱን ወደ ማታ ያስተላልፈዋል፤ ቀኑንም ሙሉ ዱላው ሳያርፍበት በሐሳብ ሲገረፍ ይውላል። ከሕመሙ ይልቅ ቀጠሮው እንደሚያሠቃይ ሂችኮክ ከዚህ ተረዳ።

አባቱ በ1914 ዓ.ም. በሞተ ጊዜ ልጁ ገና አሥራ አምስት ዓመቱ ነበር። እንጀራውን ለማግኘት ሄንሊ በሚባል የኤሌክትሪክ ገመድ በሚሠራ ኩባንያ ተቀጠረ፤ በኋላም ሥዕል መሣል ስለሚችል ወደ ማስታወቂያው ክፍል ተዛወረ። በዚያን ዘመን ፊልም ድምፅ አልነበረውምና ንግግሩ በጽሑፍ ካርድ ይቀርብ ነበር። አንድ የአሜሪካ ኩባንያ በለንደን ኢዝሊንግተን ሠፈር የፊልም ቤት በከፈተ ጊዜ ሂችኮክ እነዚህን ካርዶች ለመሣል ገባ፤ ከካርድ ሠዓሊነትም ደረጃ በደረጃ ወደ አዘጋጅነት ወጣ። ከእርሱ በአንድ ቀን ብቻ የምታንሰውን፥ በፊልም ቈርጦ ማገጣጠም ሥራ የሠለጠነችውን አልማ ሬቪልን ያገኘው በዚሁ ሥራ ላይ ነው። በ1926 ዓ.ም. ተጋቡ፤ በ1928 ዓ.ም. ፓትሪሽያ የምትባል ሴት ልጅ ወለዱ። አልማ እስከ መጨረሻው ድረስ ከሁሉ ይልቅ ፍርዷን የሚፈራት ተመልካቹ ነበረች።

ስሙን ያስጠራው ፊልም በ1927 ዓ.ም. የታየው «ተከራዩ» ነው። በጭጋግ በተሸፈነችው ለንደን አንድ ያልታወቀ ሰው ጠጕራቸው ወርቃማ የሆነ ሴቶችን ይገድላል፤ በአንድ ቤት ውስጥ ደግሞ ጠባዩ እንግዳ የሆነ ተከራይ ይገባል። ገዳዩ እርሱ ይሆንን? ፊልሙን የሚያከፋፍሉት ሰዎች መጀመሪያ አይተው ለሕዝብ አይሆንም ብለው ነበር፤ ጥቂት ተስተካክሎ ሲወጣ ግን ከፍ ያለ ምስጋና አገኘ። ሂችኮክ ራሱም ለቅጽበት በገዛ ፊልሙ ውስጥ ብቅ አለ፤ ይህም ልማድ ሆኖበት ተመልካቹ በእያንዳንዱ አስፈሪ ታሪክ ውስጥ ያን ወፍራም ሰው እየፈለገ የሚሥቅበት ጨዋታ ሆነ።

ድምፅ ያለው ፊልም በመጣ ጊዜ፥ በ1929 ዓ.ም. «ብላክሜል» የተባለውን አዘጋጀ። አንዲት ልጅ ክብሯን ሊደፍር የመጣን ሰው በቢላዋ ገድላ ወደ ቤቷ ትመለሳለች። በማግሥቱ ቁርስ ላይ ሳለች አንዲት ወሬኛ ጎረቤት ስለ ግድያው ታወራለች፤ የሴቲቱ ቃል ሁሉ እየደበዘዘ ሄዶ ቢላዋ የሚለው ቃል ብቻ ጎልቶ ይሰማል። በመጨረሻም ልጅቱ ዳቦ እንድትቈርስ ታዝዛ ቢላዋውን ስታነሣ፥ ቃሉ እንደ ጩኸት ይመጣባትና ከእጅዋ ያመልጣል። የጎረቤትን ወሬኛነት ስናይ ልንሥቅ እንችላለን፤ ነገር ግን በዚያው ደቂቃ የልጅቱ ጕሮሮ በእኛ ይታነቃል። ሂችኮክ ቀልዱን ከፍርሃቱ ለይቶ አላስቀመጠውም፤ ሁለቱን በአንድ ማዕድ ዙሪያ አስቀመጣቸው። በ1938 ዓ.ም. «እመቤቲቱ ጠፋች» በተባለው ፊልሙ ደግሞ አንዲት አሮጊት ከሚጓዝ ባቡር ውስጥ ስትሰወር፥ ሁለት እንግሊዛውያን የክሪኬት ውጤት ከመጠየቅ በቀር ስለ ምንም የማይገዳቸው ሆነው ይታያሉ።

በ1939 ዓ.ም. ወደ አሜሪካ ተሻገረ። በማግሥቱ ዓመት የወጣው «ርብቃ» የተባለው ፊልሙ የዓመቱ ምርጥ ፊልም ተብሎ የኦስካር ሽልማት አገኘ። እርሱ ራሱ ግን በአዘጋጅነት አምስት ጊዜ ለሽልማት ታጭቶ አንድም ጊዜ አልተሸለመም። በ1968 ዓ.ም. ለጠቅላላ ሥራው የክብር ሽልማት በተሰጠው ጊዜ አጭር ምስጋና ብቻ ተናግሮ ከመድረኩ ወረደ።

ሥራውን የሚያስረዳበት አንድ ምሳሌ ነበረው። ሰዎች በጠረጴዛ ዙሪያ ሲጨዋወቱ ድንገት ቦምብ ቢፈነዳ፥ ተመልካቹ ለቅጽበት ብቻ ይደነግጣል። ነገር ግን ቦምቡ ከጠረጴዛው ሥር መኖሩንና የሚፈነዳበትንም ሰዓት አስቀድሞ ቢነገረው፥ ያ ተራ ጨዋታ ለብዙ ደቂቃ ልብ የሚሰቅል ይሆንበታል። ሆኖም ለዚህ ሕግ ወሰን እንዳለው በገዛ ስሕተቱ ተምሯል። በ1936 ዓ.ም. በሠራው «ሳቦታጅ» አንድ ልጅ ሳያውቅ ቦምብ ተሸክሞ ሲሄድ ተመልካቹን ካስጨነቀ በኋላ ልጁን በፍንዳታው ገደለው። ሕዝቡ ተቈጣ፤ ሂችኮክም ጥፋቱን አመነ። የተወጠረ ልብ ማረፊያ ይሻል፤ ከማረፊያዎቹም አንዱ ሳቅ ነው።

በ1955 ዓ.ም. በአሜሪካ ቴሌቪዥን የጀመረው ተከታታይ ዝግጅት በዚህ መንገድ የተሠራ ነበር። ሂችኮክ ጥቍር ሱፉን ለብሶ፥ ፊቱን ሳይፈታ ስለ ሞትና ስለ ሬሳ እየቀለደ ታሪኩን ያስተዋውቃል፤ ለዝግጅቱ ገንዘብ በሚከፍሉት የንግድ ድርጅቶች ላይ እንኳ ያፌዛል። ስሙን በየቤቱ ያስገባው ከፊልሞቹ ይልቅ ይህ ነው ለማለት ይቻላል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። በ1959 ዓ.ም. ሮበርት ብሎክ የተባለ ደራሲ «ሳይኮ» የሚል ልብ ወለድ አሳተመ። የፓራማውንት ኩባንያ ታሪኩን ስለ ተጸየፈው ሂችኮክ በገዛ ገንዘቡ፥ በቴሌቪዥን ሠራተኞቹ፥ በጥቍርና ነጭ ሊሠራው ቈረጠ። ወጪው ከ800 ሺህ ዶላር ጥቂት የሚበልጥ ብቻ ነበር። ታሪኩ 40 ሺህ ዶላር ሰርቃ የኰበለለች ማርዮን የተባለች ሴትን ይከተላል፤ በዝናብ ምክንያት ከመንገድ ዳር ሆቴል ታድራለች፤ ፊልሙም ገና ግማሽ ሳይደርስ በመታጠቢያ ቤት ውስጥ ትገደላለች። ታዋቂዋ ተዋናይት ጃኔት ሊ በዚህ ፍጥነት ትጠፋለች ብሎ የጠበቀ ማንም አልነበረም።

45 ሴኮንድ ያህል የሚፈጀውን ይህን ግድያ ለመቅረጽ ሰባት ቀን ፈጅቶባቸዋል። ስለቱ ሥጋ ሲቈርጥ አይታይም ማለት ይቻላል፤ የሚታየው የተቈራረጠ ሥዕል ነው፤ የቀረውን ተመልካቹ በልቡ ይሞላዋል። ደሙ የቸኰላታ ፈሳሽ ነበር። የቢላዋውን ድምፅ ለማግኘት ልዩ ልዩ የሐብሐብ ዓይነቶች ቀርበው ሲወጉ፥ የአትክልት ነጋዴው ልጅ ዓይኑን ጨፍኖ አዳመጠና አንዱን መረጠ። ሂችኮክ ቦታው ያለ ሙዚቃ እንዲያልፍ ፈልጎ ነበር፤ በርናርድ ኸርማን ግን በባለ አውታር መሣሪያዎች ብቻ እንደ ጩኸት ያለ ዜማ ሠርቶ ባሰማው ጊዜ ሐሳቡን ለወጠ። የተጠናቀቀውንም ፊልም አልማ ስታይ፥ ሞተች የተባለችው ሴት ስትተነፍስ አየሁ ብላ እንዲታረም እንዳደረገች ይተረካል።

በ1960 ዓ.ም. ፊልሙ ሲወጣ ሂችኮክ አዲስ ሕግ አወጣ፤ ፊልሙ ከተጀመረ በኋላ ማንም ሰው እንዳይገባ ከለከለ። በማስታወቂያውም ላይ ራሱ እንደ አገር አስጐብኚ ሆኖ ግድያ የተፈጸመበትን ቤት እየዞረ በቀልድ አሳየ። መጨረሻውንም ለሌላ አትንገሩ ብሎ ሕዝቡን ለመነ፤ እኔም ልመናውን አክብሬ ምሥጢሩን ላላዩት አልገልጽም። ብዙ ሐያስያን በመጀመሪያ ፊልሙን ነቀፉት፤ ሕዝቡ ተሰልፎ ሲገባ ካዩ በኋላ ግን አንዳንዶቹ ፍርዳቸውን ለወጡ። ሂችኮክ ራሱ ሳይኮን እንደ ቀልድ ነው የሠራሁት ይል ነበር።

ቀልዱ የቱ ላይ ነው? ከግድያው በኋላ የሆቴሉ ጠባቂ ኖርማን ሬሳውን በመኪናዋ ውስጥ አድርጎ ወደ ረግረግ ይገፋዋል። መኪናው መስጠም ይጀምርና መካከል ላይ ቀጥ ይላል። ያን ጊዜ ተመልካቹ ሁሉ ትንፋሹን ይይዛል፤ መኪናው ሲሰጥም እፎይ ይላል። ከዚያ በኋላ ነው ለማን እፎይ እንዳለ ትዝ የሚለው! በ1972 ዓ.ም. «ፍሬንዚ» በተባለው ፊልሙ ይህንኑ ደገመው። የለንደን የአትክልት ገበያ ነፍሰ ገዳይ፥ የገደላት ሴት በእጅዋ ጨብጣ የቀረችውን የከረባት መርፌ ፍለጋ በድንች ጆንያ ውስጥ ከሬሳ ጋር ሲታገል እንሥቃለን፤ እንዲያውም እንዲያገኘው እንመኛለን። ሳቁ እኛን ከፍርሃት ለማሳረፍ መጥቶ ሳለ፥ ሳናውቀው ከገዳዩ ጎን ያቆመናል። እንዲህ ያለ ፊልም ቁም ነገር የለውም ለሚሉ ወንድሞች ያለኝ መልስ ይህ ነው፤ የራስን ልብ ከማወቅ የሚበልጥ ቁም ነገር የትኛው ነው?

ነገር ግን የሰውን ሕይወት የሚጽፍ ሰው ጥላውን መደበቅ አይገባውም። በ1963 ዓ.ም. በወጣው «ወፎች» በተባለው ፊልም ላይ ቲፒ ሄድረን የተባለችው ተዋናይት የሰው ሠራሽ ወፍ ነው የሚጠቀሙት ተብላ ሳለ፥ ለቀናት ያህል ሕያው ወፍ ሲወረወርባት ሰነበተች፤ ከድካሟም የተነሣ ሐኪም እረፍት አዘዘላት። በ2016 ዓ.ም. ባሳተመችው የሕይወት ታሪኳም ሂችኮክ በፍትወት እንዳስቸገራትና እምቢ ባለችው ጊዜ ሥራዋን እንዳሰናከለባት ጽፋለች። እርሱ ያን ጊዜ ከሞተ ቆይቷል። እኔ ይህን ሳነብ ያ የአምስት ዓመት ልጅ ትዝ አለኝ። በሩ በተቈለፈበት ጊዜ የቀልዱን ሌላ ወገን የቀመሰ ሰው፥ ቁልፉ በእጁ በገባ ጊዜ ማሰብ ነበረበት። ፊልሞቹን ማድነቅ ይቻላል፤ ይህን ግን ከአድናቆት በታች መደበቅ አይቻልም።

ሂችኮክ በ1980 ዓ.ም. መጀመሪያ ከእንግሊዝ ንግሥት የሰርነት ማዕረግ ተሰጠው፤ በዚያው ዓመት ኤፕሪል 29 ቀን በሎስ አንጀለስ በቤቱ ሞተ። አልማ በ1982 ዓ.ም. ተከተለችው። ዘሩ ግን በፊልም ውስጥ አልጠፋም። በ1978 ዓ.ም. ጆን ካርፔንተር «ሃሎዊን» የተባለውን ፊልም ሲሠራ ዋናዋን ተዋናይት አድርጎ የመረጠው የጃኔት ሊን ልጅ ጄሚ ሊ ከርቲስን ነበር፤ በፊልሙ ውስጥ ላለው ሐኪምም ሉሚስ የሚለውን ስም ከሳይኮ ወስዶ ሰጠው። በ1996 ዓ.ም. ዌስ ክሬቨን ያዘጋጀው «ስክሪም» ደግሞ ታዋቂዋን ተዋናይት ገና በመጀመሪያው ላይ ገደለ፤ ሉሚስ የሚል ስምም አለበት፤ ወጣቶቹ ስለ አስፈሪ ፊልም ሕግ እየቀለዱ ገዳዩ ማን እንደ ሆነ ይፈልጋሉ። ሳቁም፥ ምሥጢሩም፥ ቢላዋውም የሽማግሌው ውርስ ናቸው።

እንግዲህ አንባቢዬ፥ በሚቀጥለው ጊዜ በጨለማው አዳራሽ ውስጥ ፈርተህ ስትሥቅ አትፈር። ነገር ግን አንድ ጥያቄ ራስህን ጠይቅ፤ በሩ ተቈልፎበት ያለው ማን ነው? ቁልፉስ በማን እጅ ነው? ባልሁት የማይስማማ ወንድም ወይም እኅት ቢኖር ብዕሩን አንሥቶ በሚቀጥለው እትም ይመልስልኝ።