ፓውል ኤርሊኽ (1854–1915)፦ የሕዋስ ተቀባዮችን ሐሳብ ያፈለቁ ሐኪም

ጀርመናዊው ሐኪምና ተመራማሪ ፓውል ኤርሊኽ እ.ኤ.አ. ማርች 14 ቀን 1854 ሽትሬለን በተባለችና ዛሬ በፖላንድ በምትገኝ ከተማ ከአይሁዳውያን ቤተሰብ ተወለዱ። ገና ተማሪ ሳሉ የማቅለሚያ ቀለማት አንዱን የሕዋስ ክፍል መርጠው ሌላውን የሚተዉበት ምክንያት ትኩረታቸውን ሳበው፤ እ.ኤ.አ. በ1878 ያቀረቡት የዶክትሬት ጽሑፍም ስለዚሁ ነበር። ቀለም ዒላማውን የሚለይ ከሆነ፣ መድኃኒትም ጤናማውን አካል ሳይጎዳ በሽታውን ለይቶ ሊመታ ይችላል የሚለው እምነት የዕድሜ ልክ ሥራቸው መሠረት ሆነ።

እ.ኤ.አ. በ1888 በሳንባ ነቀርሳ በመያዛቸው ለማገገም ወደ ግብፅ ሄዱ። ከተመለሱ በኋላ በበርሊን ከሮበርት ኮኽ ጋር ሠሩ፤ የዲፍቴሪያ ሴረም ኃይል የሚለካበትንም ዘዴ አዘጋጁ። እ.ኤ.አ. በ1897 ሕዋሳት መርዝንና ምግብን የሚይዙ ተቀባዮች በገጻቸው ላይ እንዳሏቸው፣ ፀረ እንግዳ አካላትም ወደ ደም የተለቀቁ ትርፍ ተቀባዮች እንደሆኑ የሚገልጸውን ንድፈ ሐሳብ አቀረቡ። እ.ኤ.አ. በ1908 የኖቤል ሽልማትን ከኢሊያ ሜችኒኮቭ ጋር ተጋሩ።

ኤርሊኽ በፍራንክፈርት በአይጦች የጡት ዕጢ ላይ ሰፊ ምርምር አካሂደዋል። አንድ ዕጢ በማደግ ላይ ባለባት አይጥ ላይ ሁለተኛ ዕጢ ሲተከል ብዙ ጊዜ እንደማያድግ ተመለከቱ፤ ምክንያቱንም የመጀመሪያው ዕጢ ለእድገት የሚያስፈልገውን ልዩ ንጥረ ነገር ስለሚሻማ ነው ሲሉ አስረዱ። የኋላ ጥናቶች ግን የሰውነት መከላከያም በዚህ ውስጥ ድርሻ እንዳለው አሳዩ። ኤርሊኽ ራሳቸው እ.ኤ.አ. በ1909 የተዛቡ ሕዋሳት በሰውነት ውስጥ በተደጋጋሚ እንደሚፈጠሩና መከላከያው አብዛኞቹን እንደሚያስወግድ ሐሳብ አቅርበው ነበር፤ ሆኖም በሕይወት ዘመናቸው ማረጋገጥ አልቻሉም። እ.ኤ.አ. በ1910 የቂጥኝ መድኃኒት የሆነውን ሳልቫርሳንን ለሕሙማን ካበቁ በኋላ፣ ኦገስት 20 ቀን 1915 በባድ ሆምቡርግ አረፉ።

እድገትና መከላከያ የሚገናኙበት መንገድ ዛሬ በተሻለ ሁኔታ ታውቋል። ከጡት ካንሰር ሕሙማን ከ15 እስከ 20 በመቶ በሚሆኑት የካንሰሩ ሕዋሳት ኸር-2 የተባለውን የእድገት ተቀባይ ከመጠን በላይ ያበዛሉ። እ.ኤ.አ. በ1998 በአሜሪካ የተፈቀደው ትራስቱዙማብ በዚህ ተቀባይ ላይ ተጣብቆ የእድገት መልእክቱን ይገታል፤ የመከላከያ ሕዋሳትም የካንሰሩን ሕዋስ ለይተው እንዲያጠቁት ምልክት ይሆናቸዋል። በአንጻሩ ቲጂኤፍ-ቤታ የተሰኘው የእድገት ፕሮቲን በዕጢው አካባቢ ሲበዛ የመከላከያ ሕዋሳትን ያዳክማል።

ስለሆነም ከዕጢው በሚወሰደው ናሙና ላይ የሚደረገው የተቀባዮች ምርመራ የሕክምናውን ዓይነት ይወስናል። በጡት ወይም በብብት ላይ እብጠት፣ የቆዳ መሰርጎድ፣ የጡት ጫፍ ወደ ውስጥ መግባት ወይም ደም የቀላቀለ ፈሳሽ የተመለከተ ማንኛውም ሰው፣ ሕመም ባይሰማውም፣ ሳይዘገይ በአቅራቢያው ወደሚገኝ የጤና ተቋም መሄድ ይኖርበታል።