በባሪያ ነጋዴ መርከብ ሄዶ የጀርመን ዩኒቨርሲቲ መምህር የሆነው አፍሪካዊ

ዛሬ ውጭ አገር ሄዶ መማር ሲባል መጀመሪያ የሚመጣብን ቪዛ፣ ስኮላርሺፕና የአውሮፕላን ትኬት ነው። ከ300 ዓመት በፊት ግን አንድ አፍሪካዊ ሕፃን ማንም ሳይጠይቀው በመርከብ ተጭኖ አውሮፓ ገባ። አድጎም በሦስት ታላላቅ የጀርመን የዩኒቨርሲቲ ከተሞች ተማረ፣ አስተማረ፣ መጽሐፍ ጻፈ። ይህ ሰው አንቶን ቪልሄልም አሞ ነው። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አሞ የተወለደው በ1703 አካባቢ፣ በዛሬዋ ጋና ደቡብ ምዕራብ ጠረፍ፣ አክሲም አጠገብ ነው። ወገኖቹ ንዜማ ይባላሉ። የአራት ዓመት ልጅ ሳለ ገደማ፣ በ1707፣ ወርቅና ሰው የሚነግደው የደች ዌስት ኢንዲያ ኩባንያ አምስተርዳም አደረሰው። ከዚያ ጀርመን ውስጥ ለነበረው የቮልፈንቢተል መስፍን ለአንቶን ኡልሪሽ ልክ እንደ ዕቃ በስጦታ ተሰጠ። ያኔ የአውሮፓ መሳፍንት ጥቁር ልጅ ቤታቸው ማኖርን እንደ ጌጥ ነበር የሚያዩት።

በ1708 ክርስትና ተነሣ። አንቶን የሚለው ስም ከመስፍኑ፣ ቪልሄልም ደግሞ ከመስፍኑ ልጅ ከአውጉስት ቪልሄልም ተወሰደ። አሞ የሚለውን ግን አልጣለውም። እንዲያውም አድጎ በላቲን ሲጽፍ ስሙ መጨረሻ ላይ አፌር የሚል ቃል ይጨምር ነበር። አፍሪካዊው ማለት ነው።

በ1727 ሃለ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ሕግ ማጥናት ጀመረ።

ስለ ሃለ ትንሽ እንበል። ዩኒቨርሲቲው በ1694 የተመሠረተ፣ ገና አዲስ ነበር። ሌላው ሁሉ በላቲን ሲያስተምር፣ እዚያ የነበረው የሕግ ሊቅ ቶማዚየስ ግን በጀርመንኛ በማስተማሩ ስሙ የወጣ ነው። አዲስ ሐሳብ ያለው ሁሉ ወደ ሃለ ይጎርፍ ነበር። ግን ነፃነቱ ልክ ነበረው። አሞ ከመግባቱ አራት ዓመት በፊት፣ በ1723፣ የፕሩሲያ ንጉሥ ታዋቂውን ፈላስፋ ክርስቲያን ቮልፍን በ48 ሰዓት ውስጥ ካልወጣህ ትሰቀላለህ ብሎ ከከተማዋ አባሮታል።

ሌላም ነገር ልብ በሉ። ሃለ የምትተዳደርበት መንግሥት ራሱ ከአክሲም ብዙም ሳይርቅ ግሮስ ፍሪድሪሽስቡርግ የሚባል ምሽግ ነበረው። ባሪያ ይነገድበት ነበር። በ1717 ነው ለደች የሸጠው። አሞ እንግዲህ የተማረው ወገኖቹን ሲሸጥ በነበረ መንግሥት ከተማ ውስጥ ነው።

በ1729 ለክርክር የሚያቀርበውን ርዕስ ሲመርጥ ታዲያ ዙሪያ ጥምጥም አልሄደም። ያነሣው በአውሮፓ ያሉ ጥቁሮች በሕግ ምን መብት አላቸው የሚለውን ጥያቄ ነው። ክርክሩን የመራው የዩኒቨርሲቲው ቻንስለር የነበረው የሕግ ምሁሩ ሉደቪግ ነበር። አሞ የሮማን ሕግና ታሪክ ጠቅሶ የአፍሪካ ነገሥታት በሮማ ቄሣሮች ዘንድ እውቅና እንደነበራቸው አሳየ። ከዚያም ክርስቲያን አውሮፓውያን ገዝተው ያመጧቸው አፍሪካውያን ነፃነታቸውን ምን ያህል በሕግ ሊነጠቁ እንደሚችሉ መረመረ። ነገሩ የራሱም ጉዳይ ነበር። እሱም ተሰጥቶ የመጣ ሰው ነዋ!

በ1730 ወደ ቪተንበርግ ሄደ። ሉተር ያስተማረበት ከተማ ነው። እዚያ በፍልስፍና ማስትሬቱን ያዘ፣ ሕክምናም አጠና። በ1733 የሳክሶኒው ገዢ ከተማዋን ሲጎበኝ የተማሪዎቹን ሰልፍ ከፊት የመራው አሞ ነበር።

በ1734 ያቀረበው የፍልስፍና ጽሑፍ ዛሬም ይነበባል። ጥያቄው ቀላል ይመስላል፦ እሾህ ሲወጋን የሚሰማው ማን ነው፣ አእምሮ ወይስ ሥጋ? አሞ አእምሮ ቁስ ስላልሆነ ስሜት አይቀበልም፣ ስሜት የሕያው አካል ነው ብሎ ከዴካርት ጋር ተሟገተ። የዩኒቨርሲቲው ሬክተር ክራውስ ጽሑፉ ላይ ባሰፈረው የምስጋና ደብዳቤ፣ እነ ቴረንስን፣ ተርቱሊያንንና አውግስጢኖስን ጠቅሶ አፍሪካ ጥንትም የሊቃውንት አገር እንደነበረች መስክሯል።

ከዚያ ወደ ሃለ ተመልሶ መምህር ሆነ። በ1738 ትክክለኛ የፍልስፍና አካሄድን የሚያስተምር መጽሐፍ በላቲን አሳተመ። በ1739 ደግሞ የና ሄዶ ማስተማር ጀመረ። በጀርመን ዩኒቨርሲቲ የተማረና ያስተማረ የመጀመሪያው አፍሪካዊ ተብሎ የሚታወቀውም ለዚህ ነው።

ነገር ግን ኑሮው የቆመው በሕግ ሳይሆን በሰዎች ላይ ነበር። ስሙን የወረሰው አውጉስት ቪልሄልም በ1731 ሞተ። ወንድሙ ሉድቪግ ሩዶልፍ በ1735 ተከተለ። መምህሩ ሉደቪግም በ1743 አረፈ። ደጋፊዎቹ አንድ በአንድ ሲያልቁ አሞ ብቻውን ቀረ። በ1747 ፊሊፒ የሚባል ሰው በአሞ የሚያሾፍ ግጥም አሳተመ። አንዲት ጀርመናዊት ወዶ በጥቁርነቱ እንደተናቀ አድርጎ ነበር የሚያላግጥበት። ስንት ዓመት የተለፋበት ዕውቀት ከዚህ መሳለቂያ አላዳነውም።

አሞ ወደ ትውልድ አገሩ ተመለሰ። በ1753 አካባቢ ጋላንዳት የሚባል የመርከብ ሐኪም አክሲም ላይ አግኝቶታል። ሰዎች እንደ ዐዋቂና እንደ ጠቢብ ያከብሩት ነበር። ሐኪሙ እንደጻፈው አባቱና እህቱ በሕይወት ነበሩ። ወንድሙ ግን ሱሪናም ውስጥ ባሪያ ነበር። አስቡት፣ ከአንድ እናት ቤት አንዱ የጀርመን መምህር፣ አንዱ የሱሪናም ባሪያ። በኋላ አሞ ሻማ በምትባለው የጠረፍ ከተማ ወዳለው የደች ምሽግ ሄደ። መቃብሩም እዚያው ነው።

ለረጅም ጊዜ ያስታወሰው አልነበረም። ጋና ነፃ ከወጣች በኋላ የንዜማው ልጅ ክዋሜ ንክሩማ በፍልስፍና መጽሐፉ አነሣው። ሃለም በ1965 ሐውልት አቆመችለት፣ ዩኒቨርሲቲውም በስሙ ሽልማት ይሰጣል።

ያ በ1729 የተከራከረበት የሕግ ጽሑፍ ግን እስከ ዛሬ አልተገኘም። ከነጭራሹ መኖሩን ያወቅነው በጊዜው የሃለ ጋዜጣ ስለዘገበው ነው። ስለ አእምሮና ሥጋ የጻፈው ተጠብቆ ቆየ፣ ስለ ወገኖቹ መብት የጻፈው ጠፋ። ጥያቄው ግን በሰው አገር መኖሪያ ፈቃዱን እያሳደሰ ለሚማር ሰው ሁሉ ዛሬም እንግዳ አይደለም።