ዝነኛው ቀዛፊ ኤድዋርድ ሃንላን

የእግር ኳስ ጨዋታ ለማየት የሚሄድ ሰው ቦታውን ይዞ ከተቀመጠ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድም ነገር አያመልጠውም። የወንዝ ጀልባ እሽቅድምድም ግን እንዲህ አይደለም። ተመልካቹ በወንዙ ዳር ወይም በድልድይ ላይ ቆሞ ብዙ ይጠብቃል፤ ጀልባዎቹ ከወንዙ መታጠፊያ ብቅ ይላሉ፤ በፊቱ ያልፋሉ፤ ወዲያውም ይሰወራሉ። ያየው ነገር የአንድ ወይም የሁለት ደቂቃ ነው። ከዚያ በፊት የሆነውንና ከዚያ በኋላ የሚሆነውን የሚያውቀው ከሌላ ሰው ሰምቶ ነው። ይህንን ነገር ከሁሉ ይልቅ የሚያስረዳልን የካናዳዊው ቀዛፊ የኤድዋርድ ሃንላን ሕይወት ስለሆነ፣ ታሪኩን ለመጽሔታችን አንባብያን ባጭሩ ለማቅረብ ወደድሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኤድዋርድ ሃንላን፣ ወዳጆቹ እንደሚጠሩት ኔድ፣ ከአየርላንዳውያን ወላጆች በቶሮንቶ ከተማ ጁላይ 12 ቀን 1855 ተወለደ። አባቱ ዓሣ አጥማጅ ነበር፤ በኋላም ከከተማው ፊት ለፊት በሚገኝ ደሴት ላይ ሆቴል ከፈተ። ትምህርት ቤቱ ከውሃው ማዶ ስለ ነበረ ልጁ በትንሽ ጀልባ እየቀዘፈ ይመላለስ ነበር። እኛ በእግራችን መንገድ እንደምናቋርጠው እርሱ ባሕረ ሰላጤውን በክንዱ ያቋርጥ ነበር ማለት ነው። እንግዲህ መቅዘፍን የተማረው ከአሠልጣኝ ሳይሆን ከኑሮ ችግር ነው። በ1873፣ ገና በ18 ዓመቱ፣ በቶሮንቶ ወደብ የአማተሮችን ውድድር አሸነፈ።

የወጣትነቱ ዘመን ግን ነቀፌታ የሌለበት አልነበረም። በ1876 ያለ ፈቃድ መጠጥ በመሸጥ ተከስሶ ፖሊስ ይፈልገው እንደ ነበረና ወዳጆቹ ከከተማው እንዲያመልጥ እንደ ረዱት ይነገራል። በዚያው ዓመት ወደ አሜሪካ ሄዶ፣ በፊላደልፊያ ከተማ ለአገሪቱ መቶኛ ዓመት በዓል በተደረገው ታላቅ የቀዘፋ ውድድር አንደኛ ወጣ። እንደ ወንጀለኛ ሲፈለግ የነበረውን ወጣት የአገሩ ሰዎች በደስታ ተቀበሉት።

የእሽቅድምድም ጀልባ በጣና ላይ ከደንገል እንደሚሠራው ታንኳ ጭነት የሚችል አይደለም። ርዝመቱ ብዙ፣ ወርዱ ግን ለአንድ ሰው መቀመጫ እንኳ የሚጠብ ቀጭን ነገር ነው። ቀዛፊው የሚቀመጠው ጀርባውን ወደሚሄድበት አቅጣጫ ሰጥቶ ስለሆነ፣ የቀደመ ሰው የተቀደመውን ፊት ለፊት ያየዋል፤ የተቀደመው ግን ዞር ካላለ በቀር ቀዳሚውን አያየውም። በሃንላን ዘመን ከቀዛፊው ጋር ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚንሸራተት መቀመጫ ገና አዲስ ፈጠራ ነበር። ብዙዎች በክንዳቸውና በጀርባቸው ጉልበት ሲታመኑ፣ ሃንላን የእግሩን ኃይል ጨምሮ ረጅምና የማያቋርጥ ቀዘፋ መቅዘፍን ከሁሉ አስቀድሞ በሚገባ አጠና። ቁመቱ 1 ሜትር ከ75 ሳንቲ ሜትር ያህል፣ ክብደቱም ወደ 68 ኪሎ ብቻ ሲሆን፣ ከእርሱ የገዘፉትን ሁሉ ያሸነፈው በዚህ ጥበብ ነው። በ1877 የካናዳ፣ በ1878 የአሜሪካ፣ በ1879 ደግሞ በታይን ወንዝ ላይ የእንግሊዝ ሻምፒዮን ሆነ።

በዚያ ዘመን የቀዘፋ እሽቅድምድም ስፖርት ብቻ አልነበረም፤ ብዙ ገንዘብ የሚወራረዱበት ነገር ነበር። ይህም ያስከተለው ጉዳት ቀላል አይደለም። በ1879 ሃንላንና አሜሪካዊው ቻርልስ ኮርትኒ በሻተኳ ሐይቅ ላይ በ6,000 ዶላር ሽልማት ሊወዳደሩ ቀጠሮ ተይዞ ነበር። ውድድሩ በሚደረግበት ዕለት ጠዋት ግን የኮርትኒ ጀልባዎች በመጋዝ ተቆርጠው ተገኙ። ማን እንደ ቆረጣቸው በማስረጃ ሳይረጋገጥ ቀረ። ሃንላን ብቻውን ቀዘፈ፤ ሊያይ የመጣውም ሕዝብ ያየው የአንድ ሰው ጀልባ ብቻ ነበር። ከዚያ በኋላ አንዳንዱ አንዱን፣ ሌላው ሌላውን ይጠረጥር ጀመር፤ ዳሩ ግን ከፈራጆቹ አንዱም በሌሊቱ በዚያ ሥፍራ አልነበረም።

ዝናው ከፍተኛ ደረጃ ላይ የደረሰው ኖቬምበር 15 ቀን 1880 በለንደን ከተማ በቴምዝ ወንዝ ላይ ነው። ተጋጣሚው ከ1876 ጀምሮ የዓለም ሻምፒዮን የነበረው አውስትራሊያዊው ኤድዋርድ ትሪኬት ሲሆን፣ ቁመቱ ከ1 ሜትር ከ90 ይበልጥ ነበር። ሁለቱን ያየ ሰው ዳዊትንና ጎልያድን ሳያስታውስ አልቀረም። ውድድሩ ከፓትኒ እስከ ሞርትሌክ 6 ኪሎ ሜትር ከ800 ሜትር ያህል ነው። በኅዳር ብርድ በሁለቱ ዳርቻዎች የተሰበሰበው ሕዝብ 100,000 ይደርስ እንደ ነበር ይነገራል።

ሃንላን ቀደመ። ከቀደመም በኋላ መቅዘፉን ትቶ ቆም አለ፤ ደግሞ ድንገት እንደ ታመመ ሰው በጀልባው ውስጥ ወደ ፊት ተደፋ። በዚያ አጠገብ የቆሙት ተመልካቾች ደነገጡ፤ ገንዘባቸውን በእርሱ ላይ ያስያዙት ሁሉ ተስፋ ቆረጡ። እርሱ ግን ቀና ብሎ ፈገግ አለና እጁን እያወዛወዘ ቀዘፋውን ቀጠለ፤ በመጨረሻም አሸነፈ። እንግዲህ በዚያች ቦታ ቆሞ መውደቁን ብቻ አይቶ የሄደ ሰው ቢኖር ሃንላን ተሸነፈ ብሎ ለቤተ ሰቡ በነገረ ነበር።

ስለዚህ ድርጊቱ የሰዎች አስተያየት የተለያየ ነው። አንዳንዶች ሕዝቡን ለማስደሰት ነው ይላሉ። እኔ ግን ያን ጊዜ ስለ ትሪኬት ሳስብ ድርጊቱን ማመስገን ይከብደኛል። ከአገሩ ብዙ ባሕር አቋርጦ የመጣ፣ በሙሉ ኃይሉ የሚታገል ሰው በብዙ ሺህ ሕዝብ ፊት መቀለጃ መሆን አይገባውም ነበር። ማሸነፍ መልካም ነው፤ በተሸነፈው ላይ መቀለድ ግን የድሉን ክብር ይቀንሳል።

ሃንላን ይህን ማዕርግ ለ4 ዓመታት ያህል ይዞ ቆየ። ከዚህ በኋላ ዕድል ፊቷን አዞረችበት። ኦገስት 16 ቀን 1884 በአውስትራሊያ በፓራማታ ወንዝ ላይ ዊልያም ቢች የተባለ ብረት ቀጥቃጭ አሸነፈው። በ1885 እንደ ገና ሞከረ፤ አልሆነም። በ1887 ለሦስተኛ ጊዜ ገጠመው፤ አሁንም ተሸነፈ። በቴምዝ ዳር ያዩት ሰዎች ቀልደኛ ብለውት እንደ ሆነ፣ በአውስትራሊያ ያዩት ደግሞ ዘመኑ ያለፈበት ሰው ሳይሉት አልቀሩም።

እርሱ ግን ከወንዙ አልራቀም። የሚያውቀውን ጥበብ ለወጣቶች ማስተማር ጀመረ፤ በ1897 የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲን፣ በ1900 ደግሞ በኒው ዮርክ የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲን ቀዛፊዎች አሠለጠነ። በ1898 እና በ1899 የቶሮንቶ ከተማ ምክር ቤት አባል ሆኖ አገለገለ። በወጣትነቱ ፖሊስ ሲያሳድደው የነበረው ሰው ለከተማው ሕግ ከሚያወጡት አንዱ ሆነ ማለት ነው። ጃንዋሪ 4 ቀን 1908 በሳምባ ምች ታሞ በ52 ዓመቱ ሲሞት ብዙ ሺህ ሕዝብ አስከሬኑን ተሰናበተ። በ1926 ሐውልት ቆመለት፤ ሐውልቱም ዛሬ በስሙ በሚጠራው የደሴቱ ክፍል ይገኛል።

ጓደኞቼ ሆይ፤ በዚህ ዓመት ብዙዎቻችን የመጨረሻውን ፈተና ተፈትነን ከዚህ ትምህርት ቤት እንሰናበታለን። አንዳንዱ ቀድሞ ይታያል፤ አንዳንዱም በጀልባው ውስጥ የተደፋ ይመስላል። የቀደመ ሰው፣ የተቀደመውን ፊት ለፊት የሚያይ እርሱ ስለሆነ፣ ከመቀለድ ይጠንቀቅ። የተቀደመም ገና ብዙ ውሃ በፊቱ እንዳለ ያስብ። ወላጆቻችንና መምህራኖቻችንም ከዳር ሆነው ሲመለከቱን፣ የሚያዩት ከረጅሙ ወንዝ አንዱን መታጠፊያ ብቻ መሆኑን እንዳይዘነጉ በትሕትና እንለምናቸዋለን።